ስም የማይጻፍበት ወረቀት

ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም ወንፊት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታቲስቲክስ ሲያስተምር ከገባው ተማሪ ግማሽ ያህሉ እሱ ጋ ይወድቅ ስለነበር፣ አንዱ ተረበኛ "ይሄ ሰውዬ ወንፊት ነው፣ ነፍቶ ነፍቶ ይጥለናል" አለና ስሙ ተጣብቆ ቀረ። እሱም ያውቃል። መጀመሪያ ሰሞን እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም። በዚያ ኮሌጅ ከባድ መምህር መባል ማዕረግ ነበርና። መምህራኑ ሻይ ቤት ሲቀመጡ የጣሉትን ተማሪ ቁጥር የሚያወሩት አዳኝ ስለ ግዳዩ እንደሚያወራው ነው። አርባ ጣልኩ ያለውን ሃምሳ የጣለው ዝቅ አድርጎ ያየዋል።

ባለፈው ዓመት ኮሌጁ መምህራኑን ሁሉ ሰብስቦ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጠ። ርእሱ እስትንፋስ የሚያሳጥር ነበር። ጭብጡ ግን አጭር ነው፤ ተማሪው በጭንቀት እየታመመ ነው፣ አማካሪ ብቻውን አይችለውም፣ የምታስተምሩበት መንገድ ራሱ ወይ ያሳምማል ወይ ያሽራል የሚል። አብዛኛው ሰው የመጣው ለሻይና ለብስኩቱ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ሰባት ሰው ቀረ፤ ከሰባቱ ሦስቱ ተኝተዋል። ወንፊት ግን ከፊት ተቀምጦ ይጽፍ ነበር።

ለምን እንደሚጽፍ ለሚስቱ ብቻ ነግሯታል። ያን ዓመት የመጨረሻውን ፈተና ሲያርም አንድ ያልተከበበ ወረቀት አግኝቶ ነበር። የእሱ ፈተና እንደ ሌሎቹ ሁሉ የሚከበብ ነው፤ ይሄን ሁሉ ተማሪ እያስጻፉ ማረም የማይታሰብ ነውና። ይሄኛው ልጅ ግን ምንም ሳይከብብ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር "ይቅርታ" ብሎ ጽፏል። አርባ ጥያቄ፣ አርባ ይቅርታ። ወንፊት ዜሮ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፈ፤ እጁ አልፏል፣ ሆዱ ግን እዚያው ቀረ። ልጁን ሲያፈላልገው ኮሌጁን ትቶ ሄዷል ተባለ። የት እንደሄደ የሚያውቅ አልነበረም።

እናም ዘንድሮ ትምህርቱን ከሥር እስከ ላይ ቀየረው። ውጤት በስም ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀረ። ፈተና የወደቀ እንደገና የመፈተን ዕድል አገኘ። ድንገተኛ ፈተና የሚባል ነገር እንደማይኖር በመጀመሪያው ቀን ቃል ገባ። ከሁሉ ከሁሉ ግን ብጣሽ ወረቀቶቹ ናቸው የእሱ ፈጠራ የሚባሉት። ክፍሉ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር ለሁሉም ሩብ ገጽ ወረቀት ያድላል። ተማሪው ያን ቀን ያልገባውን ነገር ጽፎ በሩ አጠገብ ካለው ካርቶን ውስጥ ጥሎ ይወጣል።

"ስም አይጻፍም" አላቸው። "ማን እንደጻፈው አልጠይቅም፣ አልፈልግምም። የተጻፈውን ግን በሚቀጥለው ክፍል አንድ ሳላስቀር እመልሳለሁ።"

መቶ ሠላሳ ስምንት ተማሪ ነበር አዳራሹ ውስጥ። መጀመሪያ አላመኑትም፤ ወንፊት መቼ ነው ደግሞ መንፋት የተወው ተባባሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ካርቶኑ መሙላት ጀመረ። ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ያነብና እያንዳንዱን ይመልሳል። የሞኝ ጥያቄ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ማን እንደጠየቀው አይታወቅማ። በመጀመሪያው ፈተና የወደቁት አሥራ አንድ ብቻ ሆኑ። ባልደረቦቹ "ወንፊቱ ተቀደደ" እያሉ ሳቁበት፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም፣ ሁሉ ካለፈ ሰው ምን ይለናል ብሎ አኮረፈ። ወንፊት ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው ደስ አለው። ጠዋት ጠዋት እየተጣደፈ ሲለብስ ሚስቱ፣ ሌላ ሴት አየህ እንዴ እያለች ትስቅበት ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ መምህራን ክፍል ቁጭ ብሎ ብጣሾቹን ሲያገላብጥ አንዷ በእርሳስ የተጻፈች ናት። ፊደሎቹ ደቃቅ፣ ወደ ግራ ያዘነበሉ።

"ዛሬ ያልገባኝ ነገር የለም። ያልገባኝ ጠዋት ለምን እንደምነሳ ነው።"

ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ ወረቀቶቹን ሁሉ ገፋ አድርጎ ይችን ብቻዋን ፊቱ አስቀመጠ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰውዬው ደነገጠ። የመካከለኛ ዋጋ ጥያቄ ቢሆን ይመልሳል፣ የስርጭት ቢሆን ይመልሳል። ይሄን ማን አስተምሮት? በዚያች ሰዓት የሠራው ስህተት ሰው ቢያይለት ይቅር የሚለው ስህተት ነው። በሚቀጥለው ክፍል፣ ሐሙስ፣ ሌሎቹን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሲመልስ ያችን ዘለላት። ሰው ፊት የሚነበብ አይደለም ብሎ፤ ዝም አይነቅዝም ብሎ። ክፍሉ አልቆ ካርቶኑን ከፍቶ ሲያይ ያው ደቃቅ ጽሕፈት ጠበቀው።

"የኔን አልመለሱም።"

እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ ያጣው። ብጣሿን ኪሱ ከቶ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደ። ኃላፊው አንብቦ መነጽሩን አወለቀና፣ ስም አስጽፋቸው ብዬህ አልነበረም ወይ አለው። ብሎት ነበር። ከዚያ ወደ ተማሪዎች አማካሪዋ ዘንድ ሄደ። አማካሪዋ ወጣት ሴት ናት፤ ለስድስት ሺህ ተማሪ አንድ እሷ ብቻ። ቢሮዋ ቀድሞ የጽዳት ዕቃ መጋዘን የነበረ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ብጣሿን አይታ አልቀለደችም፣ አላጣጣለችምም። ቶሎ መገኘት አለበት፣ ካገኙት ወረፋ ሳያስፈልግ ይዘውት ይምጡ አለችው። እንዴት ብሎ እንደሚያገኘው ግን እሷም አታውቅም።

እንዴት ይገኛል? ወንፊት ይህን ሲያስብ ነው ነገሩ የገባው። አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ፊቱ እየተቀመጠ ልቡ እየከሰመ ነው፤ እሱ ደግሞ የመቶ ሠላሳ ስምንቱንም የእጅ ጽሕፈት ከስማቸው ጋር አይቶ አያውቅም። ፈተናው ክብ ነው። የቤት ሥራው ክብ ነው። ስም ጠርቶም አያውቅም፤ መገኘታቸውን የሚቆጣጠረው ከእጅ እጅ በሚዞር የፊርማ ወረቀት ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ አንዱ ለሦስት ይፈርማል። ከመቶ ሠላሳ ስምንቱ በመልክ ለይቶ የሚያውቃቸው ቢበዛ ሃያ ናቸው፤ የሚጠይቁና የሚያስቁ። የቀሩት ለእሱ ቁጥር ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ቁጥር ሲያስተምር ኖሮ ቁጥር ብቻ ማየቱን ያወቀው ያን ቀን ነው፤ አፈረም።

ማክሰኞ ክፍል ገብቶ፣ ስለ ጠዋት የጠየቀው ሰው ቢሮዬ ይምጣ፣ በሬ ክፍት ነው አለ። መቶ ሠላሳ ስምንት ራስ ወዲያ ወዲህ ዞረ። አንዱ ከኋላ "ስለ ጠዋት ነው ስለ ቁርስ?" አለና አዳራሹ ሳቀ። ያን ቀን በሩን ከፍቶ እስከ ሥራ መውጫ ተቀመጠ። አንድ ሰው ብቻ መጣ፤ መጥረጊያ ይዛ የመጣችው የጽዳት ሠራተኛ።

የቸገረው ሰው ቃሉን ይበላል። ሐሙስ ዕለት ወንፊት ለሁሉም ሙሉ ገጽ ወረቀት አደለና፣ አማካይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በራሳችሁ ቃል ጻፉ፣ ስማችሁን ከላይ አድርጉ አለ። ነጥብ የለውም አላቸው። ማን ይመነዋል? ድንገተኛ ፈተና የለም ያለ ሰው ድንገት ሲፈትን፣ ነጥብ የለውም ቢልም ነጥቡ እየታየ ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ያ ከዓመታት በፊት የሚያውቀው፣ ሰው በአፍንጫው ብቻ የሚተነፍስበት ጸጥታ ተመለሰ። አንድ ወንድ ልጅ ወረቀቱን ሳይሰጥ ሊወጣ ሲል ተመልሶ ወርውሮለት ሄደ።

የወንፊት ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ውስጥ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ አላት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ ወረቀቶቹን እዚያ ላይ ደረደሩ። ሚስቱ አንድ ሸሚዝ አይታ የትኛዋ ሠራተኛ እንደሰፋችው ከስፌቱ የምታውቅ ሴት ናት። ብጣሿን ከመብራቱ ሥር አድርጋ ለብዙ ጊዜ አየቻት። ከዚያ መርፌ እንደምትፈልግ ሰው ጎንበስ ብላ ወረቀት በወረቀት ማለፍ ጀመረች። አንዳንዱን ትመልሳለች፣ አንዳንዱን ወደ ጎን ታደርጋለች። በመጨረሻ ሦስት ቀሩ።

"ከሦስቱ አንዱ ነው" አለች። "የትኛው እንደሆነ ግን አልምልልህም። ሰው ሲፈተን እጁ እንደወትሮው አይሆንም። ስፌትም እንደዚያ ነው፣ ሰው ቆሞ ሲያያት ያቺ ጎበዟ ራሷ ታጣምመዋለች።"

ሰኞ ሦስቱን አንድ በአንድ ቢሮው ጠራ። የመጀመሪያው ረጅም፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚሄድ ልጅ ነው። ብጣሿን ሰጠው። አነበባትና የኔ አይደለችም አለ፣ እውነትም ፊቱ ላይ ውሸት አልነበረም። ወንፊት ይቅርታ ብሎ ሊያሰናብተው ሲል ግን ልጁ አልተነሳም።

"እኔ አልጻፍኳትም፣ መምህር" አለ። "ግን ብጽፍም ኖሮ እሷኑ ነበር የምጽፈው።"

ሁለተኛዋ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጥ ልጅ ናት። እሷም አልጻፍኩም አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ ለምን እንደምታለቅስ አታውቅም ነበር፤ ቤተሰቦቿ ደህና ናቸው፣ ገንዘብም አላጣች፣ ብቻ ከሁለት ወር ወዲህ ምግብ አፏ ውስጥ ወረቀት ወረቀት ይላታል። ሦስተኛው ያ "ስለ ቁርስ" ብሎ ያሳቀው ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ የክፍሉ ቀልደኛ። እኔ? ብሎ ሳቀ። እኔ እንኳን ለመነሳት፣ ለመተኛትም ምክንያት አልፈልግም አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ የአማካሪዋ ወረፋ ስንት ቀን እንደሚወስድ ጠየቀ።

አምስት ሳምንት ነው። ወንፊት ያንን ለልጁ መናገር ከበደው። ሦስቱንም ራሱ እየመራ አማካሪዋ ዘንድ ወሰዳቸው፤ ኮሪደሩ ላይ አቁሟቸው ብቻውን ገባ።

"አንድ ይፈልጉ ብልዎ ሦስት አመጡልኝ" አለችው አማካሪዋ። አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነው። "እሺ፣ በምሳ ሰዓቴ እቀበላቸዋለሁ። ደግሞ ቢፈልጉ ሌላ ሦስት ያገኛሉ። የት አስቀምጣቸዋለሁ?"

የጠፋውን ሰው ሲፈልግ ሌላ የጠፋ ሰው እያገኘ ነው፤ ያንኛው ግን አሁንም አልተገኘም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ወንፊት ያን ቀን ከኮሪደሩ ሲወጣ ስለ ራሱ ያሰበው ይህንኑ ነው። ለሚስቱ ሲነግራት እሷም ተረቱን አላስተባበለችለትም። ግን አህያዋ ብቻዋን ከምትሆን ይሻላል አለችው።

ማክሰኞ ክፍል ሲገባ የተዘጋጀበት ነገር ነበረው። ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ስለ ድንገተኛ ፈተናው ይቅርታ ጠየቀ። ለአንድ ጥያቄ ብዬ ነው፣ ጥያቄውን የጠየቀው ሰው መልስ የሚገባው ሰው ነው፣ እኔ ግን መልሱን አላውቅም፣ አብሬ ልፈልገው እፈልጋለሁ አለ። መምህር ተማሪ ፊት አላውቅም ሲል ማየት ላልለመደ ሰው ግር የሚል ነው። በዚያ ቀን አንድም ሰው አልቀለደም። ያ ቀልደኛው እንኳ።

ሲያልቅ ካርቶኑን ለብቻው ከፈተ። ያቺ የእርሳስ ጽሕፈት ነበረች።

"ፈተናው እኔን ለመፈለግ እንደነበር ገብቶኛል። ስም አይጠየቅም ብለው ነበር። በነጻነት የምናገርበት ቦታ ይሄ ብቻ ስለነበር ነው የጻፍኩት። ከእንግዲህ አልጽፍም። አይዘኑ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።"

ሰው ጥፋት የለህም ሲለው የባሰ የሚያመው ጊዜ አለ። ወንፊት ወረቀቷን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት፣ አወጣት፣ መልሶ ከተታት። ያጠፋው ምን እንደሆነ ያውቃል። ለልጁ ወይም ለልጅቷ በዓለም ላይ የነበረውን አንድ ቀዳዳ፣ ራሱ የከፈተውን፣ ራሱ ደፈነው። ለመልካም ነው የደፈነው። መልካም ማሰቡ ግን ቀዳዳውን አይከፍተውም።

ከዚያ ወዲያ ማድረግ የቻለው አንድ ነገር መቁጠር ብቻ ነበር። የፊርማውን ወረቀት አያምነውምና፣ ክፍል ሲገባ ሰሌዳው ላይ ርእስ እየጻፈ የሚያመነታ መስሎ፣ ከዚያ ዞሮ በዓይኑ ራስ በራስ ይቆጥራል። መቶ ሠላሳ ስምንት። ልቡ ትመለሳለች። ሐሙስም መቶ ሠላሳ ስምንት። ብዙ ተማሪ የሚቀርበት ማክሰኞ እንኳ እንዲያው በተአምር መቶ ሠላሳ ስምንት። ያ ሰው እዚህ ነው እያለ ያስተምራል፣ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ለሁሉም ያስተምራል። ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ ማንም ሰው ቢሰማ ለእኔ ነው እንዲል። የተማሪዎቹን ስም መልክ ከመልክ እያገናኘ መያዝም ጀመረ፤ በየክፍለ ጊዜው አምስት አምስት። በዚህ አያያዝ ሴሚስተሩ ሲያልቅ አይጨርስም፤ ቢሆንም ያዘ።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ሲቆጥር መቶ ሠላሳ ሰባት ሆነ።

እንደገና ቆጠረ። ከቀኝ ጀምሮ፣ ከዚያ ከግራ ጀምሮ። መቶ ሠላሳ ሰባት። ሰባተኛው ረድፍ መሐል ላይ አንድ ባዶ ወንበር አለ። ጠመኔውን አስቀመጠ።

"እዚያ ማን ነው የሚቀመጠው?" አለ።

የግራ ጎረቤቱ ወደ ቀኝ፣ የቀኝ ጎረቤቷ ወደ ግራ ተመለከቱ። ሴት ናት አለ አንዱ። ስሟን ግን አያውቀውም። ከጎኗ የምትቀመጠዋም ሴሚስተሩን ሙሉ አብራት ተቀምጣ ስሟን አታውቅም፤ ጎበዝ ናት፣ ብዙ አታወራም ነው ያለችው። እንግዲህ ሰው ሃያ ሦስት ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጦ ስሙ የማይታወቅበት ክፍል ማን ሠራው? ወንፊት ያን ጥያቄ ለማንም አላቀረበም። መዝገቡን ከቦርሳው አውጥቶ፣ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስም መጥራት ጀመረ። መቶ ሠላሳ ስምንት ስም ሲጠራ ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ። ማንም አላጉረመረመም። ተራ ቁጥር ዘጠና አራት ላይ መልስ አልነበረም። ደግሞ ጠራ። አሁንም።

ስሙ ፊት ያለውን ውጤት አየ። አሥራ ስምንት ከሃያ፣ ሃያ ከሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ ከሃያ። ሁሉም ክብ። መልኳን ሊያስታውስ ሞከረና አንድም ነገር አልመጣለትም።

ክፍሉን እንዳለ ትቶ ወጣ። ሬጅስትራር ቢሮ የሚሠራው ሰውዬ ያለ ማመልከቻ ስልክ አይሰጥም ብሎ ይታወቃል፤ የወንፊትን ፊት አይቶ ግን ምንም ሳይጠይቅ ቁጥሩን ጻፈለት። የልጅቷ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ሁለተኛው ቁጥር የቤተሰብ ነው። ቶሎ ተነሳ።

ወንፊት ማን እንደሆነ ተናገረ።

"መምህሩ ነዎት?" አለች ሴትየዋ። ድምፅዋ ደስታ ያዘው። "እናቷ ነኝ። አቤት ስለ እርስዎ ስታወራ። ይሄ መምህር የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል ትለናለች። እግዜር ይስጥልን፣ ልጄ ከሰው አትገጥምም ነበር።"

እዚያ ማዶ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ሴትየዋ ዕቃ እያጠበች ነው ያነሳችው።

"ለደህና ነው የደወሉት?" አለች። "እሷን ፈልገው ከሆነ እኮ እዚያው እርስዎ ዘንድ ናት። ጠዋት ክፍል አለኝ ብላ ስማኝ ነው የወጣችው።"

ውሃው ተዘጋ።

"መምህር? ይሰሙኛል?"

"እሰማዎታለሁ፣ እናቴ" አለ ወንፊት፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ አማካሪዋ ቢሮ እየሮጠ።